የዳርሚን ግጥም ያረምኩ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ማይክራፎኑን አቀበለችኝና፣ «እትዬ አስቴር፣ ልጆችን ስለ እንስሳት ግጥም ማስጻፍ የት ተማሩት? እስቲ ምስጢሩን ይንገሩን» አለችኝ። ስለ መምህር ተሰማ ነገርኳቸው፤ ሁለት ሦስት የሚያስቅ ነገር ጨመርኩ፤ ተጨበጨበልኝና ተቀመጥኩ። ነገሌ ላይ የሆነውን ግን አልተናገርኩም። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፈራሁ። ዕድሜ ልኬን ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝና ራሴም አልገረመኝም። አሁን ግን የሚቆጣኝ ርዕሰ መምህር የለም፤ ደብተሬን የሚያገላብጥ ኢንስፔክተርም የለም። ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሀገረ ማርያም ነው፤ በንጉሡ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ። አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ፣ ቡና ሊጭን በሚወርድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ደረስኩ። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት ብዙ አልልም፤ ሁለቱም ዘግይተው ይመጡ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ማሠልጠኛው ሳይሆን መምህር ተሰማ ናቸው።

መምህር ተሰማ ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ወደ ፊት የሚያዘነብሉ ሰው ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ ምላጭ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት ደውል ሳይደወል በር ላይ ይቆሙና የሚገባውን ልጅ ሁሉ እርሳስ አንድ በአንድ ይቀርጻሉ። እየቀረጹ ልጁን ያነጋግሩታል። «ላማችሁ ወለደች?» «ድመትሽ ተመለሰች?» ይላሉ። ለካ ግጥሙን የሚያስጀምሩት እዚያው በር ላይ ነው። ክፍል ገብተው «ስለ ላም ጻፉ» ብለው አያውቁም፤ «ቅድም የነገርከኝን ጻፈው» ነው የሚሉት።

ሲያርሙ ሁለት ጊዜ ያነቡ ነበር። መጀመሪያ ልጁ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቀለሙን ይቆጥራሉ። ቤት ካልመታ፣ «ጆሮህ ምን ይልሃል?» ብለው ልጁ ራሱ እንዲያቃናው ይተዉታል እንጂ አንድም ቃል አይሰጡትም። በሁለተኛው ዓይናቸውን ከፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ቀስ ብለው ያነቡና አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ይህን የት አየኸው?»

አንድ ቀን አንዲት ልጅ፣ አህያቸው የገበያ ቀን ጠዋት እንደምታለቅስ ጻፈች። መምህር ተሰማ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ልጅቷ «እቤት» አለች። ቅዳሜ ጠዋት እኔን አስከትለው፣ በጭቃ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘን አህያይቱን ልናይ ሄድን። ራሷ ላይ የታሰረው ገመድ ከጆሮዋ ሥር ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ፣ ጭነት በተነሣ ቁጥር ይቆርጣት ኖሯል። በዚያች በምላጫቸው ገመዱን ቆርጠው አወጡላት። ስንመለስ እኔ ጫማዬ በጭቃ ተበላሽቶ፣ «ለአራት መስመር ግጥም ግማሽ ቀን!» ብዬ አጉረመረምኩ።

እሳቸውም፣ «አስቴር፣ ትልቅ ሰው ሲቸገር አቤት ይላል። ልጅ ግን ምን እንደሚል አያውቅም፤ ስለ አህያ ይነግርሻል» አሉኝ።

ሰማሁ። አልያዝኩትም።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ተልተሌ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው ርዕሰ መምህር ምንም ነገር ሲያይ «ይህ በመርሐ ትምህርቱ የት ላይ ነው?» የሚል ሰው ነበርና ስለ ከርከሮ የተጻፈ ግጥም የት ላይ እንደሆነ ላሳየው ሳልችል ዓመቱ አለቀ። ቀጥሎ የነገሌ የዝውውር ደብዳቤ መጣ።

ነገሌን ገና ሳላየው ፈራሁት። በሻኪሶ በኩል የሚወስደው ሾፌር መንገዱን ሙሉ ስለ ሽፍታ ሲያወራኝ ዋለ። በመጀመሪያው ሳምንት የጠመኔ ሣጥኑን ስከፍት እባብ ተጠምጥሞ አገኘሁ። ጠዋት ግቢው ውስጥ የጅብ ኮቴ ይታያል። ከተማው ውስጥ ያለው ጦር ሰፈር ተኩስ ሲለማመድ የክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ የወታደር ልጆች ቀና እንኳ አይሉም፣ እኔ ግን ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ከሁሉ የባሰው ቋንቋውን አለማወቄ ነው። ገበያ ላይ «አካም? ናጋ?» ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሉኝ ሁሉ ስድብ ይመስለኛል።

በትምህርት ቤታችን ደንብ ግቢው ውስጥ ከአማርኛ ሌላ መናገር ክልክል ነበር። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ከሌሎቹም አጥብቄ። አንድ የኦሮምኛ ቃል ያመለጠው ልጅ የዕረፍቱን ሰዓት ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ያሳልፋል። የማላውቀው ቋንቋ ሲነገር ስለ እኔ የሚወራ ስለሚመስለኝ ደንቡ ተስማምቶኝ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ስልሳ ልጆች ነበሩኝ። ስለ እንስሳት ግጥም ጻፉ ስላቸው ስልሳዎቹም «ላም ወተት ትሰጠናለች» አሉ። መምህር ተሰማ በር ላይ ቆመው የሚያደርጉትን ለስልሳ ልጅ ማድረግ አልቻልኩም፤ ወይም አልሞከርኩም። በምትኩ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። «እንስሳው የማያደርገውን አስደርጉት» አልኳቸው። «ግመል ጫማ ታድርግ። ጅብ ይጹም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ አገር ከገባሁ ልጆች እፊቴ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ግጥሞቹም ያማሩ ሆኑ፤ ከአይሮፕላን ጥላ የሚሸሽ ግመል መጣ፣ ዓርብ ዓርብ አጥንት የማይቀምስ ጅብ መጣ። ርዕሰ መምህራችን እንኳ አንዱን ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔ ኮራሁ። ደብተር ሳርም ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማነበው። የት አየኸው ብዬም አልጠይቅም፤ አልታየማ!

ዳርሚ ከስልሳዎቹ አንዷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ወላጆቿ ከብቶቻቸውን ይዘው በዳዋ ወንዝ በኩል የውኃ ጉድጓድ ወዳለበት ወርደዋል፤ እሷ ለትምህርቷ ስትል ከተማው ዳር ከሴት አያቷ ጋር ትኖራለች። አያቷን «አኮ» ነው የምትላቸው፤ አያቴ ማለት ነው፤ እኛም አኮ ቡኬ እንላቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ዳርሚ በአፏ የማትናገር ልጅ ነበረች። ስጠራት ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እርሳስ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት።

የሚያዝያ ዝናብ በጀመረበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ይህን ጻፈች፤

ቡሬ ውሻችን ነው፣ በሩን የሚጠብቅ፣
ዛሬ ውኃ ሲያይ፣ ተነሥቶ የሚርቅ።
ጥላውን ይነክሳል፣ ድንጋዩን ይልሳል፣
ስሙን ብጠራለት፣ ስሙንም ይረሳል።
ውሻዬ መራቴ፣ አትግባ ከቤቴ።

ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳነበው ደስታዬ ወሰን አጣ። ስሙን የሚረሳ ውሻ! ድንጋይ የሚልስ! የማያደርገውን አስደርጉት ያልኩትን እንደሷ የገባው ልጅ አልነበረም። ለጎረቤቴ መምህር አነበብኩለት፤ «ቅኔ ናት ልጅቷ» አለ። «መራቴ» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ቃል የለም። ትንሽ አሰብኩና «በረቴ» ልትል ፈልጋ ፊደል ተሳስታ ነው አልኩ፤ ውሻውን በረት ሂድ፣ ቤት አትግባ ማለቷ ነው። በቀይ ቀለም «መራቴ»ን ሰርዤ ከላዩ «በረቴ» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። አንዱን የቀነስኩት ለፊደሉ ነው።

ዓርብ ጠዋት ግጥሙን ለክፍሉ ራሴ አነበብኩት፤ ያረምኩትን። ስጨርስ ዳርሚ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው ዳርሚ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ስጠይቃት፣ «መራቴ ነው እትዬ» አለች።

«በረቴ ነው የሚባለው። በ፣ ረ፣ ቴ።»

ጥቁር ሰሌዳውን አየች። እኔን አየች።

«እሺ እትዬ» አለችና ተቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት ግራ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ደም አልፎት ደርቋል። በር ላይ ያገኘናት እኔና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ጅሎ ነን። ጋሽ ጅሎ የቦረና ሰው፣ ውትድርና የቆዩ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። ምን ሆነሽ ስላት «ቡሬ ነከሰኝ» አለች። የገዛ ውሻሽ ለምን ይነክስሻል አልኳት። ቀስ ብላ ያቺኑ ቃል ደገመችልኝ።

«መራቴ እትዬ።»

«ስለ በረቱ ነው የምታወራው፤ ግጥም ጽፋ ነበር» አልኳቸው ለጋሽ ጅሎ፣ ፈገግ እያልኩ።

ጋሽ ጅሎ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ተንበርክከው ልጅቷን በኦሮምኛ ጠየቋት። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ፣ በክልክሉ ቋንቋ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ ያለማቋረጥ ተናገረች። እሳቸው ብድግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«በረት አይደለም እትዬ። መራቴ ማለት አበደ ማለት ነው። ውሻው አብዷል። ረቡዕ ወንዝ ዳር አይታዋለች። ዓርብ ወደ ማታ ቤት ገባና እጇን ያዘ። አኮ ልታስለቅቃት ስትል ፊቷን ነከሳት።»

ቀኖቹን በልቤ ቆጠርኩ። ረቡዕ አይታው ሐሙስ ጻፈችልኝ። ዓርብ ጠዋት ቆማ ነገረችኝ።

አኮንም ከቤት አስመጣናቸው፤ ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር የሁለቱንም ቁስል በሳሙናና በውኃ ደጋግሞ አጠበ። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራኝ። «እትዬ፣ እኔ ዘንድ መድኃኒቱ የለም። አዲስ አበባ ነው ያለው። በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ። በሽታው ከጀመረ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባም የለም፣ የትም የለም።»

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«አይታወቅም። እጅ ከሆነ ይዘገይ ይሆናል። ፊት ላይ የተነከሰ ግን ይፈጥናል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አኮ ቡኬ አማርኛ አያውቁም ብለን ነው። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ነበር፤ ጋሽ ጅሎም አጠገባቸው ቆመው የምንለውን አንድ በአንድ ይነግሯቸው ነበር።

ያን ቀን ነገሌ ተሸበረች። ወታደሮች ቡሬን ወንዝ ዳር ገደሉት፤ ቀጥለው በየመንደሩ ያገኙትን ውሻ ሁሉ ተኮሱበት። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ነበር። ወላጆች እየመጡ ልጆቻቸውን ከክፍሌ ወሰዱ። አንዲት እናት «እሷ የነካችውን ደብተር ነክተሻል?» ብላ ልጇን ስትመታ አየሁ። እኔም እጄን ስንት ጊዜ እንደታጠብኩ አላውቅም። ጨርቁን ነክቼ ነበርና ጣቶቼን አንድ በአንድ አየሁ፣ ጭረት እንዳለባቸው። ልጅቷ ተነክሳ ሳለ ለገዛ ጣቴ መፍራቴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

መንገዱ በዝናቡ ተቆርጧል። መኪኖች ጭቃ ላይ ቆመዋል። ያለው የጦር ሰፈሩ አይሮፕላን ብቻ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ይመጣል ተባለ። ርዕሰ መምህራችን «የወታደር ነገር ውስጥ አልገባም» አለኝ። ማክሰኞ እኔው ራሴ የዳርሚን ደብተር ይዤ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ዘብ መሣሪያውን ሲያነሣ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ዞሬ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም።

አዛዡ ኮሎኔል ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ሲቪል አናሳፍርም» አሉ።

«ጌታዬ፣ ልጅ ናት። አያቷም አሉ።»

«ወላጅ ነሽ?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ? ወላጅ ይምጣ።»

ደብተሩን ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አነበቡት። ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ። መራቴ ማለት አበደ ማለት ነው። አላወቅኩም ነበር።»

«ዘጠኝ ሰጠሻት» አሉ። እንዲህ ዓይነት ተግሣጽ ደርሶብኝ አያውቅም። ከዚያ ደብተሩን መለሱልኝና፣ «ሁለት ቦታ አለኝ። ሦስተኛ የለም» አሉ።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት የተነከሱ ሰዎች። እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሽ ጅሎ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ለአኮ ቡኬ ነገሩ። አኮ በሩ ላይ ተቀምጠው፣ ግማሽ ፊታቸው ተጠቅልሎ፣ እስኪጨርሱ ሰሙ። ከዚያ ጥቂት ተናገሩ።

«እኔ አልሄድም ትላለች» አሉ ጋሽ ጅሎ። «ዓይኔ አያይም፣ አፌ እዚያ አይሠራም። ልጅቷ ብቻዋን ሐኪሞች ፊት ቆማ ምን ትላለች? አንድ ቃል ብትስት ማን ይሰማታል? አስተማሪዋ ትሂድ ትላለች።»

«አኮ፣ እርስዎ ፊትዎ ላይ ነው የተነከሱት። ቶሎ ካልታከሙ...»

«ታውቃለች» አሉኝ ጋሽ ጅሎ። «ድሬሰሩ ያለውን ነግሬያታለሁ።»

ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ። ዳርሚ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚናገረውን ያህል አማርኛ ታውቅ ነበር፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ይህን ማንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ልጅ በእኔ ጥፋት ብቻዋን ሄዳ ብትሞትብኝ ብዬ ፈርቻለሁ፤ ነገሌ ቀርቼ የሚመጣውን ማየትንም ፈርቻለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አልለመንኩም።

ረቡዕ ጠዋት አኮ ቡኬ በጋሽ ጅሎ ተመርተው እስከ አይሮፕላን ሜዳው መጡ። የዳርሚን ራስ በሁለት እጃቸው ዳበሱ። አልሳሟትም፤ ፊታቸውን ከፊቷ አርቀው ያዙ። ለምን እንደሆነ ልጅቷ ያወቀች አልመሰለኝም። እኔ አውቄያለሁ።

አዲስ አበባ አንዲት ዘመዴ ቤት አርፈን በየቀኑ ሆስፒታል ተመላለስን። መርፌው ረጅም ነው። ዳርሚ አልጋው ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ አንድ ቀንም አላለቀሰችም። ሆዷ አብጦ ጨርቅ ሲነካው እንኳ ያማት ነበር። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ በመጀመሪያ የማደርገው አንድ ብርጭቆ ውኃ ማቅረብ ነው። ይዛው ከንፈሯ እስኪደርስ ትንፋሼ ይቆማል። ትጠጣለች። ሌላ ቀን አገኘን እላለሁ። ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ውኃውን ለምን እንደማቀርብ ገባት፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ቀስ ብላ፣ እስከ ጭላጩ ትጠጣና ብርጭቆውን ዘቅዝቃ ታሳየኝ ጀመር። ሁለታችንም አንድ ነገር እየፈራን፣ ስለ እሱ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሰነበትን። ስለ አኮም አልጠየቀችኝም።

መርፌው አልቆ ስንመለስ ጋሽ ጅሎ ሜዳው ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው አገኘናቸው። ማየት ብቻ በቃኝ። አኮ ቡኬ ካረፉ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ራስ ምታት ሲጀምራቸው ራሳቸው ጎረቤት ጠርተው፣ «በሩን ከውጭ ዝጉብኝ፣ ልጅ አታስጠጉ» አሉ አሉኝ። ሦስት ቀን ቆዩ። የቀረውን ጋሽ ጅሎ ሊነግሩኝ ጀምረው ተዉት። እኔም ጨርሱልኝ አላልኩም።

የዳርሚ አባት ገልገሎ ከከብቶቹ ዘንድ መጥተው ነበር። ደብተሩን ይዤ፣ ጋሽ ጅሎን አስተርጓሚ አድርጌ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግጥሙን፣ ቀዩን፣ ዘጠኙን፣ የአኮን የአይሮፕላን ቦታ መውሰዴን። በዱላቸው ተደግፈው መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«ቃሉን አታውቂውም ነበር?» አሉ።

«አላውቀውም።»

«ግቢው ሙሉ የሚያውቀው ሰው አለ። አልጠየቅሽም?»

«አልጠየቅኩም።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝም ይሻለኝ ነበር። «እናቴ ልጅቷ ትማር ብላለች» አሉ። «ትማር።» ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ገቡ።

ድሬሰሩ ሦስት ወር መጠበቅ አለብን አለ። ሦስቱን ወር እንዴት እንዳሳለፍኳቸው መናገር አልችልም። ዳርሚ ብታስል እደነግጣለሁ፣ ራሷን ብትይዝ እደነግጣለሁ። ክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳ ትገለብጣለች፤ የራሷን ግን አንድ መስመር አትጽፍም። የግጥሙን ሰዓት ተውኩት። ጋሽ ጅሎን ኦሮምኛ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸውና በዕረፍት ሰዓት በሩ አጠገብ እየተቀመጥን ጀመርን። ማንንም ልጅ በቋንቋ ማቆም ተውኩ፤ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ። ኋላ የግጥሙን ሰዓት ስመልሰውም፣ በዚያም በሌሎች ትምህርት ቤቶችም ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ፣ የማላውቀውን ቃል ሳልጠይቅ አርሜ አላውቅም። ይህን ለመመስገን አልጻፍኩትም። የተከፈለበትን ዋጋ አኮ ቡኬ ያውቁታል።

ሦስቱ ወር ያለቀ ዕለት ዳርሚን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ዓይኗን አየ፣ የእጇን ጠባሳ ነካካ፣ ውኃ አጠጣት፤ «አልፏል፤ ሂጂ ተጫወቺ» አላት። እኔ እዚያው አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ወደ ቤታቸው እየሸኘኋት፣ ሦስት ወር ሙሉ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። በተማርኳት ስብርባሪ ኦሮምኛ ጀምሬ፣ ሲያቅተኝ በአማርኛ ጨረስኩት።

«ዳርሚ፣ ያን ቀን ‹በረቴ ነው› ስልሽ ለምን እሺ አልሽኝ? ትክክሉን ታውቂው ነበር እኮ።»

«ፈርቼ» አለች።

«ሰዎች ቡሬን እንዳይገድሉት?»

ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«ቡሬ ራሱን ፈርተሽ?»

«ቡሬንማ አልፈራውም» አለች። «እትዬን ነው።»

በክፋት አይደለም ያለችው፤ ስለጠየቅኋት ነው የመለሰችልኝ። ከዚያ ወደ ታች አየች። እኔም ወደምታይበት አየሁ። ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የእጇን አንጓ አጥብቄ ይዣት ኖሯል፤ ጣቶቿ ነጥተው ነበር።

ለቀቅኳት።